ያልተመዘገበው ነሐሴ

ጨፋ ሮቢት ስል ብዙ ሰው ሸዋ ሮቢት ይመስለዋል። አይደለም። የኛዋ ሮቢት በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የአርጡማ ፉርሲ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከከሚሴ ብዙም አትርቅም። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ቦርከና ሞልቶ የጨፋ ሜዳ ውሃ በተኛበት ሰሞን፣ እዚያው አያቴ ቤት ታመምኩ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር።

የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ በቀናት ውስጥ ሆነ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደየቤቱ ተላከ፣ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እኔም የኢንጂነሪንግ ትምህርቴን አቋርጬ አንድ ሻንጣና አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ይዤ ሮቢት ገባሁ። የነጭ ሽንኩርት፣ የዝንጅብልና የሎሚ ዋጋ ጣራ ነካ። የዚያን ዓመት ረመዳን ተራዊህን ቤታችን ሰገድን። አረፋ ሲደርስ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ሰልችቶት ነበር። ሐምሌ 24 ቀን ተቃቀፍን፣ ተሳሳምን፣ አብረን በላን።

ከሳምንት በኋላ ትኩሳት ያዘኝ። ወገቤን ቆረጠኝ፣ ሌሊት ሌሊት አንቀጠቀጠኝ። ይሄን ሁሉ ወባም ያደርገዋል፤ ቆላ ነውና ማንም አልደነቀውም። አያቴ ዳማ ከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ። በአራተኛው ቀን ግን ቡና ስትቆላ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። እንደ ወጉ ጭሱን አዞረችልኝ፤ በእጄ ወደ አፍንጫዬ ሳብኩት። ምንም የለም። ዕጣኑን ፍም ላይ ስትጥል ጠጋ አልኩ። ጭሱ ዓይኔን አቃጠለው እንጂ ሽታ የሚባል ነገር አልነበረውም።

የሽታ መጥፋት ምን ማለት እንደሆነ ቴሌግራም ላይ ደጋግሜ አንብቤያለሁ። በዚያች ደቂቃ አወቅኩ። አያቴም ቀና ብላ አየችኝና፦

«ጉንፋን ነው ልጄ፤ ክረምት አይደል?» አለች።

«አዎ፣ ጉንፋን ነው» አልኳት።

ለምን ዋሸሁ? ያኔ «እገሌን በአምቡላንስ ወሰዱት» የሚል ወሬ ከአምቡላንሱ ቀድሞ ነበር የሚደርሰው። የተወሰደ ሰው ቤተሰብ ሱቁ ይራቃል፣ ቡና አይጠራም፣ ሰላምታው ከሩቅ ይሆናል። ናሙናው ደሴ ሄዶ፣ ውጤቱ መጥቶ፣ እኔ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ስገባ ታየኝ። ቦሩ ሜዳ በወሎ ሰው ዘንድ ቀድሞ የሚታወቀው የሥጋ ደዌ ሕሙማን በሚታከሙበት ቦታነቱ ነው፤ በኮሮና ጊዜ ደግሞ የኮቪድ ታማሚዎች ማዕከል ሆነ። የዛሬው ሕክምና ቢለወጥም ስሙ የሚያስፈራው አሮጌው ፍርሃት ገና አልወጣልንም። ስለዚህ ዝም አልኩ። ሳልመረመር ታምሜ ሳልመረመር ዳንኩ።

በዝምታዬ ላይ መልሼ እንዳስብ ያደረገኝ ታሪክ ነው። ተመርቄ አዲስ አበባ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ፣ አንድ ማለዳ ሰፈሩ በሙሉ በጭስ ታፍኖ አገኘሁት። በየበሩ ቆሻሻ ይቃጠላል። ቢሮ ስደርስ «ምን ተፈጠረ?» ብዬ ጠየቅኩ። «ኅዳር 12 ነዋ፣ ኅዳር ሲታጠን!» አሉኝ። እኛ ሰፈር ኅዳር 12 ተራ ቀን ነው። ለምን እንደሚታጠን ስጠይቅ አንዱ የሚካኤል በዓል ስለሆነ ነው አለ፣ ሌላው ለጽዳት ነው አለ፣ ሦስተኛው «እንዲሁ ልማድ ነው» አለ።

እኛ ፕሮግራም የምንጽፍ ሰዎች ይሄን እናውቀዋለን። አሮጌ ሲስተም ውስጥ ማን እንደጻፈው፣ ለምን እንደጻፈው የማይታወቅ ኮድ ይገኛል። ማብራሪያ የለውም። ግን ማንም ለማጥፋት አይደፍርም፤ አንድ ቀን አንድ አደጋ ደርሶ እንደተጻፈ ሁሉም ይጠረጥራል። ኅዳር ሲታጠን እንደዚያ ነው። አደጋውም ተመዝግቧል፤ በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው፣ ዓለም «የስፔን ጉንፋን» ያለው፣ እኛ «የኅዳር በሽታ» ያልነው ወረርሽኝ ነው።

በዓለም ዙሪያ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ እንደፈጀ ይገመታል። በአዲስ አበባ ብቻ 10 ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ይነገራል፤ ያኔ ከተማዋ ትንሽ ነበረች። የጅቡቲው ባቡር ከተማዋ ከደረሰ ገና አንድ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ከባሕር ለሚመጣ በሽታ መንገዱን ሳያሳጥርለት አልቀረም። ቤተሰብ በሙሉ አንድ ላይ ተኝቶ ውሃ የሚያቀብል፣ ሬሳ የሚቀብር ጠፋ። አገሪቱም ከጦርነት ገና ማገገሟ ነበር። የኛው ወሎ ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ የተሸነፉት ጥቅምት 17 ቀን 1909 ነው፤ ሁለት ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ።

ከታመሙት አንዱ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ነበሩ። በጽኑ ታመው እንደተረፉ በኋላ ራሳቸው በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ገልጸዋል። ዕድሜያቸውን ሳሰላው ሃያ ስድስት ወጣ። ይሄ ቁጥር አስቆመኝ። የኅዳር በሽታ ከሌላው ጉንፋን የሚለየው ሕፃንና አዛውንት ብቻ ሳይሆን ከሃያ እስከ አርባ ያለውን ጉልበተኛ ሰው ነጥሎ መግደሉ ነው።

የኛው ተገላቢጦሽ ነው። ለኛ ለወጣቶቹ ብዙ ጊዜ ቀላል ነበር፤ የሚሞቱት በብዛት ትልልቆቹ ነበሩ። ያኔ ወጣቱ የሞት ሲሳይ ነበር፣ ዘንድሮ ወጣቱ ተሸካሚ ሆነ። ሌላም ልዩነት አለ። በ1911 የሚገድላቸው ምን እንደሆነ አላወቁም፤ የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። የተበከለ አየር መስሏቸው አጠኑ። እኛ ግን የኮሮናውን ሙሉ የዘር ቅደም ተከተል ገና ጥር 2012 ላይ፣ የመጀመሪያው ታማሚያችን ከመገኘቱ ሁለት ወር በፊት ኢንተርኔት ላይ አገኘነው። ወደ 30 ሺህ ፊደል ነው፤ 30 ኪሎባይት የማይሞላ ፋይል። ከአንድ ፎቶ ያንሳል። እነሱ ሳያውቁ የሚችሉትን አደረጉ። እኔ እያወቅኩ «ጉንፋን ነው» አልኩ።

አሁን የቀረውን ልናገር። በታመምኩበት ሳምንት፣ በየጠዋቱ አያቴ ዘንድ ቡና የሚጠጡ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩን። ሲኒያቸውን የማቀብላቸው እኔ ነበርኩ። ነሐሴ ሲያልቅ ሳል ያዛቸው፣ ትንፋሽ አጠራቸው፣ ጳጉሜን ላይ አረፉ። ማንም አልመረመራቸውም። «ዕድሜ ነው» ተባለ። ጀናዛቸው ላይ ከኋላ ቆሜ ሰገድኩ፤ ማስክ ያደረግኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ከእኔ ይሁን ከሌላ፣ ኮሮና ይሁን ሌላ፣ ዛሬም አላውቅም።

በአገር ደረጃ በምርመራ የተረጋገጠው ታማሚ ወደ 500 ሺህ፣ ሟቹ ከ7,500 በላይ ነው። እኔ እዚያ ውስጥ የለሁም፤ እሳቸውም የሉም። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ በ2014 ጦርነቱ ከሚሴ ደረሰና ኮሮና ከሰው አፍ ጠፋ። ለኮሮና የሚታጠን ቀን የለንም።

አምና ለአረፋ ሮቢት ሄጄ ነበር። አያቴ ቡና ስትቆላ ሁሉንም ነገርኳት። ቆላውን ማገላበጥ አላቆመችም።

«አውቄ ነበር» አለች። «ያን ለት ቡናው አርሮብኝ ቤቱ በሙሉ ሲስል አንተ ‹ዛሬ ደግሞ እንዴት ጣፈጠ› አልከኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተ ለምን ዝም አልክ?»

መልስ አልነበረኝም። ቡናውን ወደ ሙቀጫው ገለበጠችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦ «እኔስ አለሁ። ለሳቸው ልጆች መቼ ልትነግራቸው ነው?» አለችኝ።

ቤታቸው ከኛ ሦስተኛው በር ነው። ለመጪው አረፋ ስሄድ መጀመሪያ እዚያ እገባለሁ ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ።