ዜና ፍኖተ ኦሪገን

በ1964 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ኅዳር 23 ቀን፣ በዕለተ ዓርብ፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ ይህ ሆነ። ከካርልተን ኮሌጅ ገና ያልተመረቀ፣ በጆርዳን ትምህርት ቤት ታሪክ ማስተማርን የሚለማመድ ዶን ራዊች የሚባል ወጣት ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎቹ አዲስ ጨዋታ ይዞ ገባ። ጨዋታው በበሬ በሚጎተት ሠረገላ ከሚዙሪ ተነሥተው ወደ ምዕራብ የተሰደዱትን ሰዎች ጉዞ ተማሪው ራሱ እንዲሄደው የሚያደርግ ነበር፤ ስሙም ኦሪገን ትሬይል ተባለ።

ራዊች መጀመሪያ ያሰበው ካርታና ዳይስ ብቻ ነበር። ሐሳቡን ወደ ኮምፒውተር ያዞሩት አብረውት የሚኖሩት ሁለት ባልንጀሮቹ፣ ቢል ሃይነማንና ፖል ዲለንበርገር ናቸው። እነርሱም በብራያንት ትምህርት ቤት፣ ቀድሞ የጽዳት ሠራተኛ ዕቃ ማስቀመጫ በነበረች ጠባብ ክፍል ተቀምጠው፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ፕሮግራሙን በቤዚክ ቋንቋ ጽፈው ጨረሱ።

ከተማይቱ በዚያ ዘመን ለኮምፒውተር እንግዳ አልነበረችም። ዛሬ የእኛ ሰው ሚኒያፖሊስን የሚያውቃት በብርዷና በአገሩ ልጆች ብዛት ነው፤ ያን ጊዜ ግን የኮንትሮል ዳታ ከተማ ነበረች። ሲይሞር ክሬይ የነደፈውና እ.አ.አ. በ1964 የወጣው 6600 የተባለው የዚህ ድርጅት ማሽን በዓለም ፈጣኑ ነበር። ትምህርት ቤቶቹ ግን የነበራቸው ቴሌታይፕ ብቻ ነው፤ በስልክ መስመር ከሩቅ ካለ ኤችፒ ሚኒኮምፒውተር ጋር ይገናኛል፣ ስክሪን የለውም፣ መልሱን በሴኮንድ አሥር ፊደል እየመታ በጥቅል ወረቀት ላይ ያትማል።

በጨዋታው ውስጥ ያለው አደንም እንዲህ ነበር። ማሽኑ "ባንግ" የሚለውን ቃል ጻፍ ብሎ ያዝዛል፤ ተጫዋቹ ለመጻፍ የፈጀበትን ጊዜ ይለካል። ፈጥኖ የጻፈ ሥጋ አገኘ፤ የዘገየም ጦሙን አደረ። ልጆቹም ሥራ ተከፋፈሉ፤ ጣቱ የፈጠነው አዳኝ ሆነ።

የትምህርት ወቅቱም ባለቀ ጊዜ ራዊች ኮዱን በወረቀት አሳትሞ ከማሽኑ አጠፋው።

በ1967 ዓ.ም፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በአዲስ አበባ ስድሳዎቹ በተረሸኑበት የኅዳር ወር፣ ያ ወረቀት እንደገና ተዘረጋ። ራዊች በሚኔሶታ የትምህርት ኮምፒውተር ማኅበር፣ በአጭሩ ሜክ፣ ተቀጥሮ ነበርና በታንክስጊቪንግ በዓል ዕረፍቱ 800 የሚያህለውን መስመር እንደገና ጻፈው። ከዚያም የስደተኞቹን የዕለት ማስታወሻ አንብቦ በሽታውም ዶፉም በእውነተኛው ጉዞ በደረሱበት መጠን እንዲደርሱ አደረገ።

እ.አ.አ. በ1978 ሜክ 500 አፕል 2 ኮምፒውተሮችን ለመግዛት ተዋዋለ። ጨዋታውም ከትልቁ ማሽን ወርዶ በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ገደማ ምት ብቻ በሚመታ ፕሮሰሰር እጅ ወደቀ።

ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በኋላ በወጡት የአፕል 2 ቺፖች ውስጥ ማይክሮሶፍት የጻፈው፣ አፕልሶፍት የተባለ የቤዚክ ተርጓሚ ተቀብሮ ነበር፤ መጠኑ 10 ኪሎባይት ነው። ይህ ተርጓሚ ፕሮግራሙን አስቀድሞ ወደ ማሽን ቋንቋ አይመልስም፤ እያንዳንዱን መስመር በደረሰበት ሰዓት አንብቦ ይፈጽማል፣ ሺህ ጊዜ ቢደርስበት ሺህ ጊዜ ያነባል። ከመስመር 5000 ወደ መስመር 900 ተመለስ ቢሉት ቦታውን አያስታውስም፤ መዝሙር 90ን ለማግኘት ሁልጊዜ "ምስጉን ነው" ከሚለው እንደሚነሣ ዳዊት ደጋሚ፣ ከመጀመሪያው መስመር ተነሥቶ አንድ በአንድ እያለፈ ይፈልጋል። ስለዚህ የገባው ፕሮግራመር ቶሎ ቶሎ የሚጠራውን ክፍል ከፕሮግራሙ ራስጌ ላይ ያስቀምጠው ነበር።

ቫሪያብሎችንም የሚፈልገው እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ የተጠቀሰው ከዝርዝሩ አናት ላይ ይቀመጣልና ብዙ የሚሠራበትን ስም አስቀድሞ መጥራት ያዋጣ ነበር። 100 ተብሎ በኮዱ ውስጥ የተጻፈ ቁጥርም በታለፈበት ቁጥር ከፊደል ወደ አምስት ባይት ሒሳብ ይለወጣል፤ አንድ ጊዜ በቫሪያብል ካኖሩት ግን ድካሙ ይቀራል። ጀማሪን ያሳተው ደግሞ ሙሉ ቁጥር የሚይዘው ቫሪያብል ነው። ፈጣን ይመስላል፤ ተርጓሚው ግን ለሒሳብ ሁሉ ወደ ባለነጥብ ቁጥር ስለሚመልሰው ይብስ ይዘገያል። የጽሑፍ ቫሪያብል ሲበዛና ሜሞሪ ሲሞላ ተርጓሚው ሥራውን አቁሞ ቤቱን መጥረግ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ስክሪኑ ድርቅ ይላል፣ ልጁም ማሽኑ የተበላሸ መስሎት ቁልፉን ይደበድባል።

አፕል 2 አብሮት የተሠራ ሰዓት ስላልነበረው "ባንግ" የመጻፉ ውድድርም እንዳለ ሊሻገር አልቻለም።

በ1977 ዓ.ም፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ፊሊፕ ቡሻርድ ጨዋታውን እንደ አዲስ ነድፎ ይሠራ ጀመር። አዳኙ በስምንት አቅጣጫ ዞሮ እንዲተኩስ፣ እንስሳቱም በስክሪኑ ላይ እንዲሮጡ ተፈለገ፤ ይህን ያ ተርጓሚ አይችለውም። ገበያው፣ የወንዙ መሻገሪያና የበሽታው ወሬ በአፕልሶፍት ቀሩ፤ ተጫዋቹ አንብቦ እስኪመርጥ ማሽኑ ራሱ ይጠብቀዋልና በእነርሱ ላይ መድከም ትርፍ አልነበረውም። አደኑ ግን በማሽን ቋንቋ ተጻፈ። ቤዚክን ጨርሶ ጥሎ ሁሉን በማሽን ቋንቋ መጻፍ የሚያኮራ ይመስል ይሆናል፤ የሚበልጠው ብልሃት ግን ሠሪዎቹ የመረጡት ነው።

ጨዋታው እ.አ.አ. በ1985 ወጥቶ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ተሰራጨ። ሜክ እ.አ.አ. በ1999 ተዘጋ። ኦሪገን ትሬይል እ.አ.አ. በ2016 በዓለም የቪዲዮ ጨዋታዎች የክብር መዝገብ ገባ፤ ራዊች፣ ሃይነማንና ዲለንበርገር ግን ከሽያጩ የደረሳቸው ድርሻ የለም።