ቴሪ ኔሽንና ዳሌኮቹ

ለብሪታንያ ቴሌቪዥን አብዝተው ከጻፉት ደራሲዎች አንዱ የሆነው ቴሪ ኔሽን እ.ኤ.አ. በ1930 በዌልስ፣ ካርዲፍ ተወለደ። ለንደን የገባው ኮሜዲያን ለመሆን ነበር። መድረኩ ስላልቀናው ግን ቀልድ እየጻፈ ለሌሎች መሸጥ ያዘ።

በ1963 ለዝነኛው ኮሜዲያን ለቶኒ ሃንኮክ ይጽፍ ነበር። በዚያው ጊዜ ቢቢሲ ለአዲሱ ተከታታይ ድራማ ለ«ዶክተር ሁ» እንዲጽፍ ቢጠይቀው ሥራውን ንቆ ተወው፤ ከሃንኮክ ጋር ተጣልቶ እጁ ባዶ ሲቀር ግን እሺ አለ። ሰባት ክፍል ባለው በዚህ ታሪክ ዳሌኮች ተወለዱ፤ በብረት ልብስ ውስጥ የሚኖሩ፣ ከራሳቸው ዘር ውጪ ያለውን ሁሉ ለማጥፋት የተነሡ ፍጡራን። በጦርነቱ ዘመን ያደገው ኔሽን ሲጽፋቸው ናዚዎችን እያሰበ ነበር።

የዳሌክን ቅርጽ የነደፈው ሬይመንድ ኩሲክ የቢቢሲ ደመወዝተኛ ስለነበር ከመጠነኛ ጉርሻ በቀር ያገኘው የለም። ኔሽን ግን በውል የሚሠራ ደራሲ ነበር፤ ወኪሉ ቤሪል ቨርቹም የመብቱን ድርሻ አስከበረችለት። በ1964 እና በ1965 የዳሌክ መጫወቻ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ኔሽን ከበረ። ሕፃናቱ የወደዱት ከቃሉ ይልቅ ቅርጹን ስለነበር ክፍፍሉ ፍትሓዊ ነበር ማለት ይከብዳል።

ከዚያ በኋላ «ዘ ሴንት»ን፣ «ዘ ባሮን»ን፣ «ዘ አቬንጀርስ»ንና «ዘ ፐርስዌደርስ»ን ለመሳሰሉ ተከታታይ ድራማዎች ጻፈ፤ የሌሎችንም ጽሑፍ አረመ። በፍጥነት የሚጽፍ ሰው ራሱን መድገሙ አይቀርም። የ«ዶክተር ሁ» አዘጋጆች አንድ ጊዜ ያመጣላቸውን ታሪክ ከዚያ በፊትም እንደሸጠላቸው በቀልድ ነግረው፣ ይልቁንስ የዳሌኮችን አመጣጥ እንዲጽፍ መከሩት። በ1975 የተላለፈው ባለ ስድስት ክፍል ታሪክ ከምርጥ ሥራዎቹ ይቆጠራል፤ የዳሌኮች ፈጣሪ የሆነው ዳቭሮስም በዚሁ ተዋወቀ።

በዚያው ዓመት ወረርሽኝ አብዛኛውን የሰው ልጅ ከጨረሰ በኋላ ስለቀሩት ጥቂት ሰዎች የሚተርከውን «ሰርቫይቨርስ»ን ፈጠረ፤ ከፕሮዲዩሰሩ ጋር ስላልተስማማ ግን ከመጀመሪያው ምዕራፍ በኋላ ለቀቀ። በ1978 በተጀመረው «ብሌክስ ሰቨን» የመጀመሪያዎቹን 13 ክፍሎች ብቻውን ጻፈ። ከ52ቱ ክፍሎች የእርሱ 19 ናቸው።

ኑሮውን ወደ ሎስ አንጀለስ ካዞረ በኋላ «ማክጋይቨር»ን ለመሰሉ ድራማዎች ሠራ፤ በ1997 እዚያው ሞተ። ቢቢሲ «ዶክተር ሁ»ን ዳግም ሊጀምር ሲዘጋጅ የዳሌኮችን ጉዳይ ከወራሾቹ ጋር መደራደር ነበረበት። ድርድሩ በ2004 ለጥቂት ጊዜ ቢቋረጥም ከስምምነት ተደርሶ፣ ዳሌክ በ2005 ወደ ቴሌቪዥን ተመለሰ።