«የመንግሥት ሸክም» የምትባለው ቃልና የልጆች ፉድ ስታምፕ



ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ምክንያት የሆነኝ በ2019 መጨረሻ በአንድ ለቅሶ ቤት የሰማሁት ነገር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ሠልስቱ አልፎ፣ ሰዉ ተበትኖ፣ እኛ ተረኞች ወንበር ስናጣጥፍ አንዲት እኅታችን ጓዳ ውስጥ ሰሃን እያጠበች ለጓደኛዋ የምታጫውተው ጆሮዬ ገባ። የልጆቿን ፉድ ስታምፕ አሰርዛለች። እሷ ዜግነት ወስዳለች፤ ሁለቱ ልጆች እዚሁ የተወለዱ ናቸው፤ የሥራ ሰዓቷ ስለተቀነሰ ስታምፑ የሚገባቸው ነበር። ባሏ አዲስ አበባ ነው፤ ጉዳዩ ቆንስላ ደርሷል።

«መንግሥት የሚያበላው ቤት ላይ ሌላ ሰው አይጨምሩም ብለውኛል ጋሼ» አለችኝ። ማን ነው ያለሽ ብላት «ሰው ነዋ» አለች።

እኔም አዋቂ መስዬ፣ «ልጄ፣ ይሄ የለቅሶ ቤት ወሬ ነው፤ የልጆች ስታምፕ አባታቸውን አያግድም» ብዬ አሳለፍኳት። እቤቴ ገብቼ ማንበብ ስጀምር ግን ወሬው ከባዶ እንዳልተነሣ፣ እኔም ግማሽ ልክ ግማሽ ስሕተት እንደነበርኩ ተረዳሁ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ነው እዚህ የማቀርብላችሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ማንበብ የሚወድ ጡረተኛ ነኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከእንግሊዝ አገር ነው። በድሮው የእንግሊዝ ሕግ እያንዳንዱ አጥቢያ የራሱን ድሃ ይጦራል፤ የሌላውን አጥቢያ ድሃ ግን ወደመጣበት ይመልሳል። ሰፋሪዎቹ ይህን ልማድ ይዘው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ኒውዮርክና ማሳቹሴትስ የመርከብ አዛዦች ለሚያወርዱት ድሃ መንገደኛ መያዣ ገንዘብ ያስከፍሉ ነበር፤ ማሳቹሴትስማ ረሃብ ያሰደዳቸውን አይሪሾች ከድሆች መጠለያ እያወጣ መልሶ በመርከብ ይጭናቸው ነበር። በኦገስት 1882 ጉዳዩን ማዕከላዊው መንግሥት ያዘው። ኮንግረስ ባወጣው ሕግ በእያንዳንዱ መንገደኛ ላይ 50 ሳንቲም ቀረጥ ጣለና፣ ራሱን መርዳት የማይችል፣ ፐብሊክ ቻርጅ የሚሆን ሰው እንዳይወርድ ከለከለ። ፐብሊክ ቻርጅ በእኛ አነጋገር የመንግሥት ሸክም ማለት ነው።

በ1891 ደግሞ አንዲት ትንሽ ለውጥ ተደረገች፤ «ሸክም ሊሆን የሚችል» ተባለ። የነገሩ ሁሉ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ መርማሪው የሚፈርደው ሰውየው ዛሬ በሆነው ብቻ ሳይሆን ነገ በሚሆነው ጭምር ነው። የትንቢት ሥራ ማለት ነው። ትንቢት ደግሞ እንደ ነቢዩ ነው። ኤሊስ ደሴት በጃንዋሪ 1892 ከተከፈተ በኋላ አንዱን መንገደኛ ያሳለፈው መርማሪ ሌላውን ያግደዋል። በ1909 የደሴቲቱ ኃላፊ ዊልያም ዊልያምስ እያንዳንዱ ገቢ ከመሳፈሪያው ሌላ 25 ዶላር እንዲያሳይ ማስታወቂያ አወጣ፤ ይህን ቁጥር ኮንግረስ አላወጣውም።

በ1915 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ ልጓም አበጀ። ወደ ፖርትላንድ፣ ኦሬጎን ሊሄዱ የመጡ ሩሲያውያን የቀን ሠራተኞች «በዚያ ከተማ ሥራ የለም» ተብለው ሊመለሱ ሲሉ ክርክራቸው እዚያ ደረሰ። ዳኛ ሆምስ ውሳኔውን ሲጽፍ፣ ሕጉ የሚጠይቀው ስለ ሰውየው ስለ ራሱ ነው እንጂ ስለ አንድ ከተማ የሥራ ገበያ አይደለም አለ። ሰዎቹ ረቱ።

ይሁን እንጂ ቃሏ ለችግር ቀን ተቀምጣ ኖሮ በ1930 እንደገና ወጣች። የኢኮኖሚ ድቀቱ ሲብስ ፕሬዚዳንት ሁቨር ቆንስላዎች ይህችን አንቀጽ አጥብቀው እንዲተረጉሙ አስደረገ። አዲስ ሕግ አልወጣም፤ አንድም ቃል አልተለወጠም። ነገር ግን በ1930 የበጀት ዓመት 241,700 የነበረው የገቢዎች ቁጥር በ1931 ወደ 97,139 ወረደ። ከ1933 በኋላ ከሂትለር ለመሸሽ በቆንስላ በር ላይ የተሰለፉትን ብዙ አይሁዶች የመለሰቻቸውም ይህችው አንቀጽ ነች። ዘመድ ፈርሞ የሚልከው የዋስትና ወረቀት የጎላውም በዚያን ጊዜ ነው፤ ዛሬ እኛን የሚያንከራትተን ወረቀት የልጅ ልጁ ነው።

ስታምፑ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። በሜይ 1939 በሮቸስተር፣ ኒውዮርክ የመጀመሪያው ፉድ ስታምፕ ሲሰጥ የተነሡበት ጉዳይ የድሃው ብቻ ሳይሆን የገበሬውም ነበር፤ ገበሬው ያመረተው ገዢ አጥቶ ይበሰብስ ነበርና። ድሃው በ1 ዶላር ብርቱካናማ ስታምፕ ይገዛል፤ በላዩ ላይ የተረፈውን ምርት መግዣ የ50 ሳንቲም ሰማያዊ ስታምፕ ይመረቅለታል። በ1943 ቀረ፤ ኬኔዲ በ1961 እንደገና ሞከረው፤ ጆንሰን በኦገስት 1964 ሕግ አድርጎ ፈረመበት። እስከ ዛሬ የሚያስተዳድረው የግብርና ሚኒስቴር ነው። የስታምፑ ሕግ ራሱ የሚሰጠው ምግብ በማንኛውም ሕግ ፊት እንደ ገቢ ወይም እንደ ሀብት አይቆጠርም ይላል። በ2008 ስሙ ስናፕ ቢባልም በእኛ ቤት ግን ያው ስታምፕ ነው።

እንግዲህ ሁለቱ ታሪኮች የሚገናኙት እኛ ዘንድ ነው። ከመካከላችን በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል የመጡት በ1980ው የስደተኞች ሕግ የገቡ ናቸው። ይህ ሕግ ስደተኛውን ከሸክም ጥያቄ ነጻ አድርጎታል። በደረሱ ሰሞን የረጂ ድርጅቱ ሠራተኛ ይዟቸው ሄዶ ስታምፕ ያስመዘግባቸው ነበር፤ ያቺን እንደ ቼክ እየተገነጠለች የምትሰጠውን የወረቀት ደብተር የሚያስታውስ አሁንም አለ። ግሪን ካርዳቸውን ሲያወጡ ስለ ስታምፕ ያነሣባቸው አልነበረም። ጥገኝነት ተሰጥቶት ግሪን ካርድ የጠየቀ ሰውም እንዲሁ ነጻ ነው። ከ1995 ወዲህ ግን በዲቪና በቤተሰብ የሚመጣው በዛ፤ እነዚህ ደግሞ ጥያቄው ሙሉ በሙሉ ይመለከታቸዋል። በአንድ እድር፣ በአንድ ድንኳን ሥር፣ አንድ ጥያቄ ሁለት መልስ አለው ማለት ነው። ሽማግሌው «እኔ በልቼ ምን ሆንኩ» ይላል፤ እውነቱን ነው። ወጣቱ «እኔን አስጠንቅቀውኛል» ይላል፤ እሱም እውነቱን ነው። ጥፋቱ አንዱ ለሌላው ሲመክር ነው። እንደ እኔ ግምት ማኅበረሰባችንን ከሕጉ ይልቅ የጎዳው ይህ ነው።

በ1996 ሁለት ሕጎች በአንድ ክረምት ወጡ። አንደኛው ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ከስታምፕ አስወጣ፤ በ2002 ሲሻሻል አዋቂው 5 ዓመት ይጠብቅ፣ ልጅ ግን አይጠብቅ ተባለ። ሁለተኛው የዋስትናውን ወረቀት ፍርድ ቤት የሚያስከብረው ውል አደረገው። ስፖንሰር የሚሆነው ሰው ገቢው፣ የሚመጣውንም ጨምሮ ለቤተሰቡ ቁጥር ከተቀመጠው የድህነት መስመር 125 በመቶ መድረስ አለበት።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡልኝ። ስታምፕ የምትቀበል ሚስት ባሏን ስታመጣ የሚያደናቅፋት ብዙውን ጊዜ ስታምፑ ሳይሆን ገቢዋ ነው። ስታምፑ በ125ቱ ሂሳብ ውስጥ አይገባም፤ ገቢም አይሆንላትም፣ ዕዳም አይሆንባትም። የስታምፕ የገቢ ጣሪያ በመሠረቱ 130 በመቶ ነው፤ ብዙ ስቴቶችም ከዚያ ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ ስታምፕ እየተቀበለ ስፖንሰር ለመሆን የሚበቃ ቤተሰብ አለ። የማይበቃው ጆይንት ስፖንሰር ይፈልጋል። በእኛ አገር ሰው ይሉኝታ ደግሞ ይህ ቡና ላይ ተጠይቆ ቡና ላይ የሚፈረም ነገር ነው። የፈረማችሁ ሁሉ ወረቀቱን ደግማችሁ እዩት፤ ግዴታው የሚያበቃው የመጣው ሰው ዜጋ ሲሆን፣ ወይም 10 ዓመት ያህል የሥራ ጊዜ ሲቆጠርለት፣ ወይም ግሪን ካርዱን ትቶ ከአገር ሲወጣ፣ ወይም ሲሞት ነው። ፍቺ አያፈርሰውም። የመጣው ሰው የመንግሥት እርዳታ ቢወስድ መሥሪያ ቤቱ ገንዘቡን ከፈራሚው ሊጠይቅ ይችላል። አንድ ወዳጄ ይህን የሰማው ከፈረመ 6 ዓመት በኋላ ነው፤ ያመጣቸው ባልና ሚስትም ያን ጊዜ ተፋትተዋል።

በ1999 የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ሕዝቡ ከፍርሃት የተነሣ ልጆቹን ከምግብና ከሕክምና እያራቀ መሆኑን አይቶ በሜይ ወር መመሪያ አወጣ፤ ሸክም የሚባለው ለኑሮው በአብዛኛው በመንግሥት ጥሬ ገንዘብ ላይ የተደገፈ፣ ወይም በመንግሥት ወጪ በተቋም ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚጦር ነው አለ። ስታምፕ አይቆጠርም። ለቤተሰቡ የተሰጠ ጥሬ ገንዘብ እንኳ የቤተሰቡ ብቸኛ መተዳደሪያ ካልሆነ በቀር በአመልካቹ ላይ አይታሰብም። ይህ 20 ዓመት ያህል ሠራ።

ከዚያ በጃንዋሪ 2018 የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለቆንስላዎቹ የሚሰጠውን መመሪያ ለወጠ። ቪዛ ጠያቂው ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡና ስፖንሰሩ የወሰዱትን እርዳታም ማየት ተፈቀደ። ያቺ እኅታችን ጓዳ ውስጥ የሰማችው የዚህን ጭላንጭል ነበር። እኔ ወሬ ነው ብዬ የናቅኩትም ይህንኑ ነው። የልጆቹ ስታምፕ ብቻውን ባሏን የሚያግድ ሕግ አልነበረም፤ ቆንስላው ግን እንዲያየው በር ተከፍቶ ነበር። ቀጥሎ በኦገስት 2019 የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ስታምፕን በስሙ ጠርቶ የሚቆጥር ደንብ አወጣ፤ በ36 ወር ውስጥ ከ12 ወር በላይ የወሰደ ይመዘንበታል። በፍርድ ቤት ታገደ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እገዳውን አነሣ፣ በፌብሩዋሪ 24 ቀን 2020 ሥራ ላይ ዋለ። ይህ ጥብቅ ደንብ እንኳ የሚቆጥረው አመልካቹ ለራሱ የወሰደውን እንጂ ልጆቹ የወሰዱትን አልነበረም።

ሰው ግን ደንቡ እስኪጸድቅ አልጠበቀም። ኧርባን ኢንስቲትዩት የተባለው የጥናት ድርጅት ገና በ2018 መጨረሻ ባደረገው ጥያቄ፣ ከውጭ በመጡ ቤተሰቦች ውስጥ ካሉ 7 አዋቂዎች 1 ያህሉ እሱ ወይም ቤተሰቡ በፍርሃት ከእርዳታ መራቁን ተናግሯል። ሕጉ ስለማይነካቸው ሰዎች ጭምር ነው የምናወራው።

በጁላይ 2020 ፍርድ ቤት የቆንስላውን መመሪያ አገደ፤ የ2019ኙ ደንብ በማርች 2021 ተሻረ። ከዲሴምበር 23 ቀን 2022 ጀምሮ የ1999ኙን የሚመስል ደንብ ሥራ ላይ ዋለ፤ ስታምፕ አይቆጠርም፣ ቤተሰብ ለራሱ የወሰደውም በአመልካቹ ላይ አይታሰብም ይላል።

እኅታችን ስታምፑን ያስመለሰችው በ2021 ነው። ከዚያ በፊት፣ በኮሮናው ወራት፣ ሥራ ቆሞ ትምህርት ቤትም ሲዘጋ ቤቷ ምን እንደሚመስል ያየን እናውቃለን። የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ ከሞትና ከሕመም ውጭ ገንዘብ አያስወጣም፤ ስለዚህ አንዳንዶቻችን ከኪሳችን አዋጥተን ጤፍና ዘይት አደረስን። እሷም ለእነ እገሌ ይሁን እንጂ ብላ ልትመልሰው ነበር። ባሏ በ2022 ገባ። በቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ስታምፕ ያነሣ አልነበረም፤ የጠየቁት የጆይንት ስፖንሰሩን የታክስ ወረቀት ነው።

በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ደግሞ እነዚያን ነጻ የነበሩትን፣ ስደተኛና ጥገኝነት የተሰጣቸውን፣ ግሪን ካርድ እስኪያገኙ ከስታምፕ አስወጣቸው። በኖቬምበር 2025 ደግሞ የ2022ቱን ደንብ የሚሽር ረቂቅ ቀረበ። ረቂቁ በተነገረ ሰሞን ስልኬ እንደገና መጮህ ጀመረ። ለዜግነት የሚያመለክት ሰው ስለ ሸክም አይጠየቅም፤ ይህንን ብቻ ለስንቱ እንደደገምኩት አላውቅም።

ከደወሉት አንዷ ያቺው እኅታችን ነች። አሁን የምታመጣው እናቷን ነው፤ 71 ዓመታቸው ነው። «ጋሼ፣ የልጆቹን ላሰርዝ እንዴ?» አለችኝ። ዕድሜም ጤናም ከሚመዘኑት ውስጥ መሆናቸውን ነገርኳትና፣ እንደ በፊቱ አዋቂ ሳልመስል፣ «ምንም ሳታሰርዢ ወረቀትሽን ሁሉ ሰብስቢ፤ ጠበቃ ዘንድ አብረን እንሄዳለን» አልኳት። ለቅዳሜ ተቀጣጥረናል።