ሊኑክስ ሲጫን መሃል ላይ ቢቆም ምን ይደረጋል?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ በየቤቱና በየቢሮው ያሉ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ጉዳይ አነጋጋሪ ሆኗል፡፡ ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕና በአንጻራዊነት አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ ገና ደህና የሚሠራ ማሽን እንኳ መመዘኛውን ላያሟላ ይችላል፡፡ አዲስ ኮምፒዩተር ከመግዛት ይልቅ በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስ መጫን አንዱ መፍትሔ ነው፡፡

ይህ መፍትሔ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ እየኖሩ ቀን አዲስ አበባ ለሚውሉ ሠራተኞችም የሚስብ ነው፡፡ ሆኖም ኮምፒዩተር የመጫኑ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ማታ ቤት ከተገባ በኋላ፣ የሚጠየቅ ባለሙያ በአጠገብ በሌለበት፣ ኢንተርኔቱም በሞባይል ዳታ በሆነበት ሰዓት ነው፡፡ መጫኛው ግማሽ ደርሶ ቀጥ ሲል የብዙዎች እጅ የሚሄደው ወደ ማጥፊያው ነው፡፡ ከዚያ በፊት ግን «የት ላይ ነው የቆመው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል፡፡ የዚህ ጥያቄ መልስ የችግሩን መንስኤ ከመጠቆሙም በላይ፣ በዲስኩ ላይ የነበረው ፋይል ተርፎ እንደሆነና እንዳልሆነ ያመለክታል፡፡

ቆሟል ወይስ ዘግይቷል?

አሮጌ ሃርድ ዲስክና ዘገምተኛ ፍላሽ ባለበት ማሽን አንድ ደረጃ ብቻውን ረጅም ደቂቃ ሊወስድ ይችላል፡፡ በመጀመሪያ የሃርድ ዲስኩን ወይም የፍላሹን መብራት ይመልከቱ፤ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ሥራው አልቆመም፡፡ ቀጥሎ «ካፕስ ሎክ» የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ፡፡ የቁልፉ መብራት የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ ሲስተሙ በሕይወት አለ፣ ችግሩ መጫኛው ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፡፡ በዴቢያን መጫኛ «ኮንትሮል»፣ «ኦልት» እና «ኤፍ 4»ን በአንድነት ሲጫኑ የሥራው ዝርዝር መዝገብ ይታያል፡፡ በመዝገቡ ላይ አዳዲስ መስመሮች እየተጨመሩ ከሆነ ትዕግሥት እንጂ ሌላ አያስፈልግም፡፡

ገና ሲነሳ ከቆመ

ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ወይም አርማው ላይ ከቆመ ዲስኩ ገና አልተነካም፤ ማጥፋት ጉዳት የለውም፡፡ ተደጋጋሚው መንስኤ የግራፊክስ ካርድ ነው፡፡ ኡቡንቱ በመነሻ ዝርዝሩ «ሴፍ ግራፊክስ»፣ ሊኑክስ ሚንት ደግሞ «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» የሚል ምርጫ ያቀረቡት ለዚሁ ነው፡፡

ሁለተኛው መንስኤ ፋይሉ ራሱ ነው፡፡ የኡቡንቱ 24.04 መጫኛ 6 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ በሚቆራረጥ መስመር ሲወርድ ሊጎድል ይችላል፡፡ ከማውረጃው ገጽ ላይ የሚገኘውን ባለ 64 ፊደልና ቁጥር መለያ ካወረዱት ፋይል መለያ ጋር ያመሳክሩ፤ ሩፉስ የተባለው ፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራም ይህንን መለያ አስልቶ ያሳያል፡፡ በአንድ ፊደል እንኳ ከተለያየ ፋይሉ ተበላሽቷልና እንደገና ይውረድ፡፡

ሦስተኛው የማሽኑ አቅም ነው፡፡ ኡቡንቱ 24.04 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል፡፡ ባለ 2 ጊጋባይት ማሽን ላይ እንደ ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ ያለ ቀለል ያለ ዓይነት ይመረጣል፡፡ ባለ 32 ቢት ፕሮሰሰር ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ የዛሬዎቹ ኡቡንቱና ሚንት ጭራሽ አይነሱም፡፡

ሃርድ ዲስኩን ካላየ

መጫኛው ዲስክ ምረጡ በሚለው ደረጃ ባዶ ዝርዝር ካሳየ፣ በባዮስ ውስጥ የዲስኩ አሠራር «ሬይድ» ወይም «አርኤስቲ» ተብሎ ተሞልቶ ሊሆን ይችላል፡፡ ወደ «ኤኤችሲአይ» ሲቀየር ዲስኩ ይታያል፡፡ ዊንዶውሱን ጎን ለጎን ለማቆየት ያሰበ ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ ያለ ዝግጅት ከተቀየረ ዊንዶውሱ አልነሳም ሊል ይችላል፡፡ ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነም ባዮስ ከመነካቱ በፊት የመክፈቻ ቁጥሩ በወረቀት ላይ ሊጻፍ ይገባል፡፡

መጫኛው «ለውጡ በዲስኩ ላይ ይጻፍ?» ብሎ እስኪጠይቅና እሺ እስኪባል ድረስ የነበረው ፋይል ሁሉ በቦታው ነው፡፡ ያቺ «እሺ» ናት ድንበሯ፡፡

ፋይል ሲገለብጥ ከቆመ

እዚህ ላይ አንድ ቀላል የመለያ ዘዴ አለ፡፡ በሁለትና ሦስት ሙከራ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ጥርጣሬው በተበላሸ የሃርድ ዲስክ ክፍል ወይም በጎደለ የመጫኛ ፋይል ላይ ያርፋል፡፡ አንዴ 20፣ አንዴ 70 ከመቶ ላይ የሚቆም ከሆነ ግን ራሙ፣ የፍላሹ መሰኪያ ወይም የማሽኑ መጋል ሊሆን ይችላል፡፡ ፍላሹን ወደ ሌላ መሰኪያ ማዛወር፣ የአየር ማስወጫውን አቧራ ማጽዳትና ራሙን ሜምቴስት በተባለው ነፃ ፕሮግራም መፈተሽ ወጪ የላቸውም፡፡ ዲስኩ ውስጥ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ከተሰማ ግን ሙከራው ይብቃ፤ ዲስኩ መለወጥ አለበት፡፡

ኢንተርኔት እየጠበቀ ከሆነ

ብዙ ጊዜ ተበላሸ የሚባለው መጫኛ ማሻሻያ ከኢንተርኔት እያወረደ ያለ ነው፡፡ ሲጀመር «አሁን ከኢንተርኔት ጋር አላገናኝም» የሚለውን መምረጥ፣ ማሻሻያ አውርድ የሚለውንም ምልክት ማንሳት ይቻላል፡፡ ሲስተሙ ከተጫነ በኋላ ማሻሻያውን ቢሮ ወስዶ ማውረድ ይቀላል፡፡ «ኔትኢንስት» የተባለው ትንሹ የዴቢያን መጫኛ አብዛኛውን ክፍል የሚያወርደው በሚጫንበት ጊዜ በመሆኑ ደካማ መስመር ላለው ሰው አይመከርም፡፡

የማሽኑን ሰዓትም ይመልከቱ፡፡ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 ባትሪ ካለቀች ቀኑ ወደ ኋላ ዓመታት ይመለሳል፤ ያን ጊዜ መጫኛው የሚያወርደውን ፋይል «ጊዜው ገና ነው» ብሎ አይቀበልም፡፡ ቀኑን ማስተካከል ወይም ባትሪዋን መለወጥ በቂ ነው፡፡

መጨረሻው ላይ ከቆመ

ግራብ የተባለው ማስነሻ ሲጫን የሚፈጠር ስሕተት ሥራውን ሁሉ ከንቱ አያደርግም፤ ሲስተሙ በአብዛኛው ተገልብጧል፡፡ የተለመደው መንስኤ ፍላሹ የተነሳው በአሮጌው «ሌጋሲ» አሠራር፣ በዲስኩ ላይ ያለው ዊንዶውስ ግን በአዲሱ «ዩኢኤፍአይ» መሆኑ ነው፡፡ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ሁለቱን አንድ ዓይነት አድርጎ እንደገና መጫን ይሻላል፡፡

መብራት ከጠፋ

ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ያለ ዩፒኤስ ከሆነ ይህ ሥጋት ሁልጊዜ አለ፡፡ ዲስኩ ከመከፋፈሉ በፊት ከጠፋ የጎደለ ነገር የለም፡፡ ፋይል ሲገለብጥ ከጠፋ ካቆመበት አይቀጥልም፤ ከመጀመሪያው ይጫናል፡፡ በዚያ ዲስክ ላይ መጠባበቂያ ቅጂ ያልተወሰደለት ሰነድ ወይም ፎቶ ነበረ ከተባለ ግን እንደገና አይጫን፡፡ ከተሰረዘው ላይ ሌላ በተጻፈ ቁጥር የመገኘት ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል፡፡ ማሽኑ ይጥፋ፣ ዲስኩ ይነቀል፣ ከዚያም በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ቴስትዲስክን በመሰለ ፕሮግራም ወይም በባለሙያ እጅ ይፈለግ፡፡

ማሽኑ ፈጽሞ ሳይንቀሳቀስ ቀርቶ ማጥፋት ግድ ከሆነ፣ በኡቡንቱ «ኦልት» እና «ፕሪንት ስክሪን» ቁልፎችን ይዞ «ኤስ»፣ «ዩ»፣ «ቢ» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት በተራ፣ በየመካከሉ ጥቂት ሰኮንድ እየቆዩ መጫን በድንገት ከማጥፋት ይሻላል፡፡ በዲስኩ ላይ ሊጻፍ የተጀመረውን አስጨርሶ ማሽኑን እንደገና ያስነሳዋል፡፡

ከመጀመርዎ በፊት

ከላይ ከተዘረዘሩት አብዛኞቹ ችግሮች ቀድሞ መከላከል የሚቻልባቸው ናቸው፡፡ መጫኛውን ጥሩ መስመር ባለበት አዲስ አበባ አውርዶ መለያውን ማመሳከር፣ ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ብቻ አስነስቶ ድምፁን፣ ዋይፋዩንና ስክሪኑን መሞከር፣ የላፕቶፑን ባትሪ ሞልቶ ከሶኬቱ ሳይነቅሉ መሥራት ጥቂት ጊዜ ብቻ ይወስዳሉ፡፡ ከሁሉ በፊት ግን ሰነዱና ፎቶው ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ፡፡ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አሥር ጊዜ ቢበላሽ አሥር ጊዜ ይጫናል፤ የጠፋ የልጅ ፎቶና ያልታተመ የመመረቂያ ጽሑፍ ግን ከየትም አይወርድም፡፡