ቤት በባንክ ብድር መግዛት፦ ከመፈረምዎ በፊት ማወቅ ያለብዎት

ቤት ለመግዛት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። በብድር ለሚገዛ ሰው ግን የቤቱ ዋጋ የወጪው አንድ ክፍል ብቻ ነው። የወለዱ መጠን፣ የመክፈያው ዘመን እና የቤቱ ሰነድ ሁኔታ ተደምረው ገዢው በመጨረሻ የሚከፍለውን ይወስናሉ። ከመፈረም በፊት በእነዚህ ሦስት ጉዳዮች ላይ የሚጠፋ ጥቂት ሳምንት የሃያ ዓመት ጸጸትን ሊያስቀር ይችላል።

በኢትዮጵያ ገበያው እንዴት ተለወጠ?

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የንግድ ባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ ጣለ። ገደቡ በኋላ ደረጃ በደረጃ ቢላላም፣ ባንኮች ያላቸውን ውስን ገንዘብ ለማን እንደሚያበድሩ አጥብቀው እንዲመርጡ አድርጓቸዋል። ገንዘቡን ለሃያ ዓመት ከሚያስረው የቤት ብድር ይልቅ በአጭር ጊዜ የሚመለሰው የንግድ ብድር ለባንኮች ይቀላል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንኮች 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሊፍት፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ እና ሌሎች የማጠናቀቂያ ግብዓቶች በአብዛኛው ከውጭ ስለሚገቡ ለውጡ በግንባታ ወጪ ላይ በቀጥታ አረፈ።

በሰኔ 2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ዜጎች በኢትዮጵያ ቤት እንዲኖራቸው የሚፈቅድ አዋጅ አጸደቀ። አዋጁ ቢያንስ 150 ሺህ ዶላር መዋዕለ ንዋይ ይጠይቃል። ከዚያ በፊት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው በመርህ ደረጃ ይከለክል ነበር።

ብድሩ በእርግጥ ስንት ያስከፍላል?

ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር በ17 በመቶ ዓመታዊ ወለድ፣ በ20 ዓመት ለመክፈል ተበደረ እንበል። በየወሩ እኩል ከከፈለ ወርኃዊ ክፍያው ወደ 73,340 ብር ይደርሳል። በ20 ዓመት ውስጥ የሚከፍለው ጠቅላላ ገንዘብ 17.6 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው፤ ይህም ከተበደረው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው።

በመጀመሪያው ወር ከሚከፍለው ውስጥ 70,833 ብሩ ወለድ ነው። ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 2,500 ብር ገደማ ብቻ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ሳያቋርጥ 4.4 ሚሊዮን ብር ከከፈለ በኋላም 4.76 ሚሊዮን ብር ያህል ዕዳ ይቀረዋል። በዚህ ጊዜ ቤቱን ሸጦ ሌላ ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው "ብዙ ከፍያለሁ" ብሎ የገመተው ዕዳ እምብዛም ሳይነካ ያገኘዋል።

ያንኑ ብድር በ10 ዓመት ለመክፈል ቢስማማ ወርኃዊ ክፍያው ወደ 86,900 ብር ከፍ ይላል፤ ጠቅላላ ክፍያው ግን ወደ 10.4 ሚሊዮን ብር ይወርዳል። በወር 13,500 ብር ገደማ መጨመር 7 ሚሊዮን ብር ያህል ያድናል ማለት ነው። ወለዱ ወደ 14 በመቶ ዝቅ ቢል ደግሞ የ20 ዓመቱ ወርኃዊ ክፍያ 62,200 ብር ገደማ ይሆናል።

ስለዚህ ተበዳሪው ከባንኩ ዝርዝር የክፍያ ሰንጠረዥ መጠየቅ አለበት። ከቀነ ገደቡ በፊት ተጨማሪ መክፈል ይፈቀድ እንደሆነ፣ ለዚያም ቅጣት ይኖረው እንደሆነ በጽሑፍ ማወቅ ይጠቅመዋል። የመድን፣ የንብረት ግምት እና የውል ምዝገባ ወጪዎችም በሒሳቡ መካተት አለባቸው።

ወለድ የማይፈልጉ ሰዎች እንደ ዘምዘም እና ሒጅራ ያሉ ከወለድ ነፃ ባንኮችን አማራጭ ማድረግ ይችላሉ። በሙራባሃ ስልት ባንኩ ንብረቱን ገዝቶ የታወቀ ትርፍ በመጨመር ለደንበኛው በክፍያ ይሸጥለታል። በዚህም ቢሆን ማወዳደር የሚገባው ጠቅላላ ክፍያውን ነው።

ወለዱ ቋሚ ነው ወይስ ተለዋዋጭ?

የኬንያ ተሞክሮ የዚህን ጥያቄ ክብደት ያሳያል። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ እ.አ.አ. በ2022 መጀመሪያ 7 በመቶ የነበረውን መሠረታዊ የወለድ ተመን በየካቲት 2024 ወደ 13 በመቶ ካደረሰ በኋላ መልሶ ደረጃ በደረጃ ዝቅ አድርጎታል። በተለዋዋጭ ወለድ የተበደረ ሰው እንዲህ ያለው መውጣትና መውረድ በወርኃዊ ክፍያው ላይ ይደርስበታል።

ከ50 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት ኬንያ ያሉት የቤት ብድሮች 30 ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው። ችግሩን ለማቃለል በ2018 የተቋቋመው የኬንያ የቤት ብድር ማሻሻጫ ኩባንያ ለባንኮችና ለቁጠባ ማኅበራት የረጅም ጊዜ ገንዘብ ያቀርባል። ዓላማው ብቁ የሆኑ ተበዳሪዎች ከ10 በመቶ በታች በሆነ ቋሚ ወለድ እንዲበደሩ ማስቻል ነው። በኬንያ ቤት ለመግዛት የሚያስቡ ኢትዮጵያውያን ደግሞ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት የውጭ ዜጋ መሬት እንዲይዝ የሚፈቅደው ከ99 ዓመት ባልበለጠ ሊዝ ብቻ መሆኑን ማወቅ አለባቸው።

በኢትዮጵያም የብድር ውሎች ባንኩ ወለዱን እንዲያሻሽል የሚፈቅድ አንቀጽ ሊኖራቸው ይችላል። ይህ አንቀጽ ከመፈረም በፊት ተፈልጎ መነበብ ይኖርበታል።

ብድሩን ማን ያገኛል?

ኢትዮጵያ ቀደም ሲል ለቤት ሥራ የቆመ የመንግሥት ባንክ ነበራት። የቤቶችና ቁጠባ ባንክ በኋላ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተብሎ፣ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። ከዓመታት በኋላ ጎህ ቤቶች ባንክ የመጀመሪያው የግል የቤት ብድር ባንክ ሆኖ ሥራ ጀመረ። በርካታ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ግን የቤት ብድርን የሚያውቁት በ10/90፣ በ20/80 እና በ40/60 የጋራ መኖሪያ ቤት መርሐ ግብሮች ነው። በእነዚህ ስያሜዎች የመጀመሪያው ቁጥር የተመዝጋቢውን ቁጠባ፣ ሁለተኛው ደግሞ ብድሩን በመቶኛ ያመለክታል።

በግል ለመበደር ዋናው መስፈርት ገቢ ነው። ወርኃዊ ክፍያው ከገቢው ሲሶ እንዳይበልጥ ቢፈለግ፣ በምሳሌው ላይ ያለው ተበዳሪ በወር 220 ሺህ ብር ገደማ ሊያገኝ ይገባል። ይህ ከአብዛኛው ደመወዝተኛ አቅም በላይ ነው። ባልና ሚስት ገቢያቸውን አጣምረው እንዲያመለክቱ፣ ወይም ቅድመ ክፍያው ከፍ እንዲል የሚደረገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከባንኩ በፊት ሰነዱን ይመርምሩ

በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የሚሸጠው ቤቱና የይዞታ መብቱ ነው። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የመኖሪያ ቤት ሊዝ ዘመን እስከ 99 ዓመት ነው። ገዢው ካርታውን ካወጣው ጽሕፈት ቤት ዕዳና እገዳ አለመኖሩን፣ የሊዝ ክፍያው መጠናቀቁን፣ የጋራ መኖሪያ ቤት ከሆነም የመሸጥ ገደብ አለመኖሩን ማረጋገጥ አለበት።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነና ቤቱ የጋራ ንብረት ከሆነ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። በውርስ የተገኘ ቤት ከሆነ ሁሉም ወራሾች መስማማት አለባቸው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በውልና ማስረጃ መመዝገብ ይኖርበታል። በደላላ ፊት የተፈረመ ወረቀት ይህን አይተካም። ቀረጥ ለመቀነስ ሲባል በውሉ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ መጻፍም፣ ሽያጩ ቢፈርስ ገዢው የከፈለውን በሙሉ ለማስመለስ ማስረጃ ያሳጣዋል።

ያላለቀ ቤት የሚገዛ ሰው ሥጋቱ ይበልጣል። ቤቱ የራሱ ካርታ ስለሌለው በመያዣነት ለማቅረብ ያስቸግራል፤ ገዢውም በአብዛኛው በቀጥታ ለአልሚው በየጊዜው ይከፍላል። የባንክ ምርመራ ስለማይኖር አልሚው የመሬቱና የግንባታ ፈቃዱ ባለቤት መሆኑን ገዢው ራሱ ማጣራት አለበት። ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘ መሆኑ፣ ርክክቡ ቢዘገይ የሚከፈለው ካሳ እና ገንዘብ የሚመለስበት ሁኔታ በውሉ በግልጽ ሊሰፍሩ ይገባል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ገዢዎች

የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያላቸው የውጭ ዜጎች በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ቤት እንዲኖራቸው ተፈቅዶላቸዋል። በርካታ ባንኮችም በውጭ ምንዛሪ ለሚቆጥቡ የዳያስፖራ ደንበኞች የቤት ብድር ያቀርባሉ። ገቢያቸው በዶላር ወይም በሪያል ሆኖ ዕዳቸው በብር ከሆነ የብር መዳከም ይጠቅማቸዋል፤ ዕዳው በውጭ ምንዛሪ ከታሰበ ግን ይህ ጥቅም አይኖርም።

ትልቁ ሥጋት ውክልና ነው። በሕጉ መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ቤት እንዲገዛ ብቻ የተፈለገን ዘመድ የመሸጥና የማስያዝ ሥልጣን ጨምሮ መወከል፣ ቤቱን ባለቤቱ ሳያውቅ ለማጣት በር ይከፍታል። ውክልናው ተግባሩን ለይቶ መጥቀስ፣ ሥራው ሲያልቅም በይፋ መሻር አለበት።

መክፈል ቢያቅትስ?

በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት፣ ባንክ ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ሳይጠብቅ በመያዣ የያዘውን ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። የሽያጩ ገንዘብ ዕዳውን ካልሸፈነ ተበዳሪው ለቀሪው ተጠያቂ ሊሆን ይችላል።

ሥራ ያጣ ወይም ገቢው የቀነሰ ሰው ማስጠንቀቂያው እስኪደርሰው ከመጠበቅ ይልቅ፣ አንድም ክፍያ ሳያልፈው ወደ ባንኩ ሄዶ የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘም በጽሑፍ ቢጠይቅ የተሻለ ዕድል ይኖረዋል። ቤቱን ራሱ በገበያ ዋጋ ሸጦ ዕዳውን መክፈልም ብዙ ጊዜ ከሐራጅ ይሻላል። ለዚህም ሲባል ቁጠባን ሁሉ ለቅድመ ክፍያ አለማዋል፣ ቢያንስ የጥቂት ወራት ክፍያ በእጅ ማስቀረት ይመከራል።