ያልተመለሰው ሕመምተኛ ምስክርነት፦ ስለ ፈውስ የሚነገር ወሬ ከድሬ ሸይኽ ሑሴን እስከ ጎባ ሆስፒታል

በባሌ ምድር ስለ ፈውስ የሚነገር ወሬ ረጅም ዕድሜ አለው። ከሮቤና ከጎባ ደጋ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ዋቢ ሸበሌ በሚያዘቀዝቀው አገር፣ አናጂና በተባለው ስፍራ የሸይኽ ሑሴን መቃም ይገኛል። በዙልሒጃ ወር ከባሌ፣ ከአርሲ፣ ከሐረርጌና ከሌሎችም ስፍራዎች የሚመጡ ዘያሪዎች ጫፉ የተሰነጠቀ በትራቸውን ይዘው ይሰበሰባሉ፤ ባህሮ የተባለውን የውዳሴ ዜማ ያዜማሉ፤ ጀዋራ የሚሉትን የመቃሙን አፈር ለበረካ ይወስዳሉ። የሸይኹን ከራማ የሚተርከው «ረቢዑል ቁሉብ» የተባለው የዐረብኛ መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ1927 ካይሮ ላይ ታትሟል።

በደረሳነት ዘመናችን ከእነዚህ ዘያሪዎች መካከል ተቀምጠን ወሬያቸውን አድምጠናል። አንዷ እናት ልጇ ከትኩሳት የዳነበትን ስለት ልታደርስ መጥታለች፤ አንዱ ሽማግሌ ዓይኑ እንደበራለት ይናገራል። ሰሚው ሁሉ አላህን ያመሰግናል። ከጎናችን የነበሩት ሸይኻችን ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እነዚህስ መጡ፤ ያልመጡትን ማን ይጠይቃቸዋል?» አሉን። ያን ጊዜ ነገሩ አልገባንም ነበር። ልጇ የሞተባት እናት ስለት የላትም፤ ስለዚህ አትመጣም፤ ወሬዋም አይሰማም። ከዓመታት በኋላ በዩኒቨርሲቲ የሕክምና ምርምርን ታሪክ ስንማር፣ የሸይኻችን ጥያቄ የዚያ ዕውቀት ሁሉ መነሻ ሆኖ አገኘነው።

በዚህ ጽሑፍ ስለ ዚያራ የፊቅህ ብያኔ መስጠት ዓላማችን አይደለም፤ እርሱ ራሱን የቻለ ርእስ ነው። የምንመረምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ይህ መድኃኒት ያድናል» የሚል ቃል በምን ይጸናል? የሚጸናውስ የተመለሱትን ብቻ በመስማት ነውን?

የወሬ ሚዛን

ወሬን መመዘን ለሙስሊም ሊቃውንት እንግዳ ነገር አይደለም። የሐዲስ ሊቃውንት አንድን ወሬ ከመቀበላቸው በፊት ኢስናዱን ይመረምራሉ፤ ከመጨረሻው ተናጋሪ እስከ መነሻው ድረስ ማን ከማን እንደሰማ ይጠይቃሉ። ተራኪው ሐቀኛ መሆኑ ብቻ አይበቃቸውም፤ የሰማውን በትክክል የሚይዝ መሆኑም ይጣራል። በመካከል አንድ ሰው ቢጎድል ሰንሰለቱ ተቆርጧልና ወሬው «ሙንቀጢዕ» ይባላል። ማንነቱ ያልታወቀ ተራኪ ቢገኝም «መጅሁል» ተብሎ ይመዘገባል እንጂ፣ ስለማናውቀው ብቻ ደግ ነው ተብሎ አይታለፍም። ይህ የመጨረሻው ደንብ ለያዝነው ርእስ ቁልፍ ስለሆነ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንሻለን።

ሕክምናን በተመለከተ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለው ማዘዛቸው፣ ለበሽታ ሁሉ አላህ መድኃኒት እንዳወረደ ማስተማራቸውም የታወቀ ነው። መድኃኒት መኖሩ ከተነገረ፣ የትኛው ለየትኛው እንደሆነ መፈለግ የሰው ፈንታ ይሆናል። በዚህ ፍለጋ ስማቸው ከሚነሣው አንዱ እ.ኤ.አ. በ925 (በ313 ዓመተ ሒጅራ) ገደማ ያረፈው ሐኪም አቡበክር አር-ራዚ ነው። በእምነት ጉዳይ ዑለማእ ብዙ ቢቃወሙትም ሕክምናውን አልናቁም። ከሞተ በኋላ በተሰበሰበው «አል-ሓዊ» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ፣ የራስና የአንገት ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣትና ብርሃን መሸሽ የታየባቸውን፣ ሲርሳም የሚባለው የአንጎል ሕመም የሚያሰጋቸውን ሰዎች ለሁለት እንደከፈለ ይናገራል። ከፊሎቹን ደም አወጣላቸው፤ ሌሎቹን ግን ፍርድ ለማግኘት ሲል ሆን ብሎ ተዋቸው። ያልታከሙት በሲርሳም ተያዙ፤ እርሱም ደም ማውጣት ይጠቅማል ሲል ደመደመ።

ዛሬ ደም ማውጣት ያንን በሽታ እንደማይከላከል እናውቃለን። ታዲያ የአር-ራዚ ሥራ ከንቱ ነበርን? አይደለም። ያልታከመውንም መመልከት እንደሚገባ ማስተዋሉ ታላቅ እርምጃ ነው። የጎደለው ሌላ ነው፦ ማን በየትኛው ወገን እንደሚገባ የመረጠው ሐኪሙ ራሱ ነው። ዓይኑ ሳያውቀው ጠንካራውን ወደ አንዱ፣ ደካማውን ወደ ሌላው ሊያደላ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1037 ያረፈው ኢብን ሲናም በ«አል-ቃኑን» መድኃኒትን ለመፈተን ሰባት ያህል ደንቦችን ሲደረድር፣ ውጤቱ በተደጋጋሚ ካልታየ በአጋጣሚ እንደሆነ ሊቆጠር እንደሚገባና ፈተናውም በሰው ገላ ላይ መሆን እንዳለበት አሳስቧል። የሐኪሙን ምርጫ ከመካከል ማውጣት ግን ብዙ ዘመን ቆየ።

ዕጣውና አምስቱ ዓመታት

እ.ኤ.አ. በ1948 የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት በሳንባ ነቀርሳ ላይ የተፈተነበትን ውጤት አሳተመ። ሕመምተኞቹ 107 ነበሩ። መድኃኒቱ እጅግ ጥቂት ስለነበር ለሁሉም አይዳረስም፤ ስለዚህ ማን እንደሚያገኝ በታሸገ ፖስታ ውስጥ በተቀመጠ ዕጣ ተወሰነ። ፊቅህ ቁርዓን፣ ማለትም ዕጣን፣ እኩል መብት ባላቸው መካከል የፍትሕ መንገድ አድርጎ እንደሚያውቀው ልብ ይሏል። እዚህ ዕጣው ፍትሕን ብቻ ሳይሆን እውነትንም አገለገለ፤ የሐኪሙን አድልዎ አስቀረና። በስድስት ወር ውስጥ መድኃኒቱን ካገኙት 55 ሰዎች 4 ሞቱ፤ የአልጋ ዕረፍት ብቻ ካገኙት 52 ሰዎች 14 ሞቱ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ከድሬ የስለት ወሬ ጋር ይመሳሰል ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን ሕመምተኞቹን አምስት ዓመት ተከታተሏቸው። በአምስተኛው ዓመት ከ55ቱ 32፣ ከ52ቱ ደግሞ 35 ሞተው ተገኙ። የመጀመሪያው ታላቅ ልዩነት ጠብቦ ነበር። ምክንያቱ ተህዋሲው መድኃኒቱን መላመዱ ነው። በስድስት ወር ተሽሎት ቤቱ የገባውን ሰው ማንም ባይጠይቀው ኖሮ፣ ዓለም አንድ መድኃኒት ብቻውን ይበቃል ብላ በቆየች ነበር። ሳንባ ነቀርሳ ዛሬ በብዙ መድኃኒቶች ጥምረት የሚታከመው፣ ከሆስፒታሉ በር ከወጡ በኋላ የሆነውን የጠየቁ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

በአገራችንም በዕጣ የተካሄዱ ሙከራዎች ታሪክ አላቸው። ግርሻ የሚባለው በቅማል የሚተላለፍ ትኩሳት በፔኒሲሊን ሲታከም፣ በሰዓታት ውስጥ ብርቱ ብርድ ብርድ የማለትና የደም ግፊት የመውረድ አደጋ ያስከትላል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመና በአዲስ አበባ በ49 ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ሙከራ፣ አደጋውን የሚያስታግሥ ፀረ አካል ከተሰጣቸው 20 ሰዎች 10፣ ካልተሰጣቸው 29 ሰዎች ግን 26 በአደጋው እንደተያዙ አሳየ። ይህ ሙከራ አንድ ዕድል ነበረው፦ ሕመምተኛው አልጋ ላይ ነው፤ ውጤቱም በሰዓታት ይታያል፤ ሰንሰለቱ አይቆረጥም። ኤችአይቪ፣ ሳንባ ነቀርሳና ስኳር ግን ሰውን ወደ ቤቱ ይሸኙታል። ወደ ባሌ የሚመልሰን ይህ ነው።

በጎባ መዝገብ ላይ ያለው ክፍተት

በኢትዮጵያ የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በሮቤ የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ በኋላም የጎባ ሆስፒታል የማስተማሪያና የምርምር ስፍራ ሆነ። በዚያ ሆስፒታል መድኃኒቱን ይወስዱ በነበሩ ጎልማሶች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የክትትል ጥናት፣ የቆዩ መዝገቦችን በመመርመር ማን እንደሞተና ለሞት ያጋለጠው ምን እንደሆነ ጠይቋል። ይህ ከወሬ ወደ መዝገብ የተደረገ ሽግግር ነውና ልናከብረው ይገባል።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ጥናት ሁሉ ከአንድ ረድፍ ይጋጠማል፤ «ከክትትል የጠፋ» የሚለው ረድፍ ነው። ከደሎ መና ተነሥቶ ጎባ የሚታከም ሰው የሐረናን ጫካ አልፎ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የሳነቴን አምባ ይሻገራል። በክረምት ያ ጉዞ ምን እንደሚመስል የባሌ ሰው ያውቃል። ከብቱን ተከትሎ የሚዘዋወረውም ቀጠሮው ያልፈዋል። ታዲያ ካርዱ የቆመው ሰው ሌላ ስፍራ እየታከመ ነውን? ትቶታልን? ወይስ ሞቷል?

በጠፉት ላይ የተደረጉ ፍለጋዎች የሰጡት መልስ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ግምገማ፣ በአብዛኛው ከአፍሪካ የተገኙ 17 ጥናቶችንና ከክትትል የጠፉ 6,420 ሰዎችን መርምሮ፣ ዕጣ ፈንታቸው ከታወቀው መካከል በአማካይ 40 በመቶው ሞተው እንደተገኙ አሳይቷል። እንግዲህ የጠፋውን ከስሌቱ አውጥቶ የቀሩትን ብቻ የሚቆጥር ሆስፒታል፣ መጅሁሉን ተራኪ ታማኝ ነው ብሎ እንደሚያልፍ ሰው ይሆናል። የሐዲስ ሊቅ ያንን አይፈቅድም ነበር።

ንጽጽሩ ወሰን እንዳለው አንክድም። ኢስናድ የሰውን ሐቀኝነት ይመዝናል፤ የሕክምና ጥናት ደግሞ የብዙ ገላዎችን ድርሻ ይቆጥራል። ሁለቱ የሚገናኙት በአንድ አደራ ነው፦ ያልታወቀን እንዳልታወቀ መመዝገብ፣ ከዚያም መፈለግ።

ፈትዋና ቆጠራ

ጉዳዩ የሐኪሞች ብቻ አይደለም። የረመዳን ወር በቀረበ ቁጥር በሮቤና በጎባ መስጂዶች የስኳር ሕመምተኛ ወደ ዓሊም ይመጣል፤ «ልጹም ወይስ ልተው?» ይላል። ቁርኣን ለሕመምተኛ ፈቃድ ሰጥቷል፤ የፊቅህ ሊቃውንትም ጉዳቱ በልምድ ወይም በሐቀኛና በሠለጠነ ሐኪም ቃል እንዲታወቅ አዘዋል። ነገር ግን የትኛው ልምድ? «እኔ ጾሜ ምንም አልሆንኩም» የሚለው መስጂድ መጥቶ ይናገራል። ራሱን ስቶ የወደቀው አይናገርም። ኤፒዲያር የተባለውና በ13 አገሮች ከ12 ሺህ በላይ የስኳር ሕመምተኞችን ያካተተው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት፣ የሁለተኛው ዓይነት ስኳር ካለባቸው ወደ 79 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ 15 ቀን እንደጾሙ፣ በዚህም ወር የደም ስኳር በአደገኛ ሁኔታ የመውረዱ ነገር 7.5 እጥፍ እንደጨመረ አሳየ። አገራችን ከ13ቱ አልነበረችም። ይህ ሁሉም ይተው ማለት አይደለም፤ ብዙዎች በደኅና ጾመዋል። ፈትዋ የሚሰጥ ሰው ግን ከፊቱ የቆሙትን ብቻ አይቶ እንዳይፈርድ ያስገድዳል።

መስጂዱ የሚያውቀው

የጎደለውን የሰንሰለት ቀለበት ማን ይሞላዋል? በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ተመራማሪዎች የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም መካነ መቃብሮች መሠረት አድርገው ቀብሮችን ሲመዘግቡ ቆይተዋል። ነጻው መድኃኒት ከመጣ በኋላ በከተማዋ በኤድስ የሚሞተው ሰው ቁጥር በግልጽ መቀነሱን ካረጋገጡት ማስረጃዎች አንዱ ይህ የቀብር መዝገብ ነው፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ሆስፒታል ወደ እርሱ የተመለሱትን ያውቃል፤ ያልተመለሱትን የሚያውቀው የቀብር ስፍራው ነው።

ለባሌም መንገዱ ሩቅ አይመስለንም። በእያንዳንዱ ቀበሌ ጀናዛ የሚሰግድ ኢማም አለ፤ ማን እንደሞተና መቼ እንደሞተ ከማንም በላይ ያውቃል። ይህ ዕውቀት ከመስጂድ ወደ ጤና ጣቢያ በሥርዓት ቢሸጋገር፣ የመዝገቡ ባዶ ረድፍ ቀስ በቀስ ይሞላል። አንድ ጥብቅ ቅድመ ሁኔታ ግን አለ። ኢማሙ የሞትን ዜና ይሰጣል እንጂ የበሽታን ስም አይጠይቅም፤ ሐኪሙም የሟቹን በሽታ ለኢማሙ አይነግርም። የሙስሊምን ነውር መሸፈን ግዴታ ነው፤ የሕመምተኛን ምሥጢር መጠበቅም ከዚያው የመነጨ ነው። በምርምር የሚሳተፍ ሕያው ሰውም ሳይገባውና ሳይፈቅድ ስሙ መመዝገብ የለበትም፤ ገላው የአላህ አደራ እንጂ የተመራማሪ ንብረት አይደለምና።

ዛሬ በድሬ ስለት ለማድረስ የምትመጣውን እናት ስንሰማ ደስታዋን አንነፍጋትም። የሸይኻችንን ጥያቄ ግን ይዘን ወደ ጎባ እንሄዳለን። ያልመጣችው እናት ልጇን የቀበረችበት ስፍራ አለ፤ ሶላቱን የሰገደበትም ሰው አለ። የእርሷ ወሬ እስኪሰማ ድረስ ስለ ፈውስ የምንናገረው ሁሉ ሙንቀጢዕ ነው።

ወላሁ አዕለም።