ከአቴና የትምህርት አደባባይ እስከ ቂሳርያ የድኆች መንደር

ተማሪዎች በሃይማኖት ተሳስረው በአንድነት መጸለያቸው፣ ከትምህርት በሚተርፋቸውም ጊዜ በአቅራቢያቸው ያለውን ችግረኛ ማገልገላቸው የዘመናችን ዩኒቨርሲቲዎች ያመጡት ልማድ አይደለም። ሥሩ ሩቅ ነው። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከቀጰዶቅያ፣ ይኸውም ከዛሬይቱ ቱርክ መካከለኛ ምድር፣ የተነሡ ሁለት ወጣቶች ለትምህርት በአቴና ከተማ አብረው ኖሩ። አንዱ ባስልዮስ፣ ሁለተኛው ጎርጎርዮስ ይባላሉ። ቤተ ክርስቲያን አንዱን ባስልዮስ ዘቂሳርያ፣ ሌላውን ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ብላ ታከብራቸዋለች፤ በባስልዮስ ስም የሚጠራውም ቅዳሴ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከሚቀደሱት ከአሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ ነው። ሁለቱ ግን ጳጳሳት ከመሆናቸው በፊት ተማሪዎች ነበሩ። የተማሪነት ጓደኝነታቸው ለድኆች እንጀራ እስከ መሆን የደረሰበት ታሪክ ዛሬም በሰው አገር ለሚማሩ የቤተ ክርስቲያን ልጆች የሚነግረው ብዙ ነገር አለው።

አቴና በዚያን ጊዜ የፖለቲካ ኃይሏ ያለፈ፣ የትምህርት ዝናዋ ግን ያልደበዘዘ ከተማ ነበረች። ከሩቅ አገር የሚመጡ የባለጸጋ ልጆች በዚያ የንግግር ጥበብንና ፍልስፍናን ይማሩ ነበር። መምህራኑ በተማሪ ብዛት ይፎካከሩ ስለነበር ደቀ መዛሙርታቸው በየወደቡና በየመንገዱ ቆመው አዲስ መጪዎችን ይሻሙ፣ ወደየመምህራቸውም በግድ ይወስዱ ነበር። አዲሱ ተማሪ በመጀመሪያ በክርክር ይዋከባል፤ ቀጥሎም በገበያው መካከል በሰልፍ ወደ መታጠቢያ ቤት እየተጮኸበት ይወሰዳል። ጎርጎርዮስ ቀድሞ ደርሶ ስለነበር ባስልዮስ ሲመጣ የጓደኛውን ጭምትነትና ክብር ለተማሪዎቹ አስረድቶ ከዚያ ፌዝ አዳነው። የጓደኝነታቸውም ፍቅር ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ጸና ጎርጎርዮስ ራሱ ከብዙ ዓመታት በኋላ በባስልዮስ መታሰቢያ ንግግሩ ገልጿል። እንግዳውን ከማፈር ማዳን፣ ለባይተዋሩ ወንድም መሆን የመጀመሪያው አገልግሎታቸው ነበር ማለት ይቻላል።

በአንድ ቤት አደሩ፤ በአንድ ማዕድ ተመገቡ። ጎርጎርዮስ እንደሚመሰክረው በዚያች ብዙ መዝናኛ በነበረባት ከተማ የሚያውቁት ሁለት መንገድ ብቻ ነበር፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውና ወደ መምህራን የሚወስደው። በዙሪያቸውም ሌሎች ወጣቶች ተሰበሰቡ። በዚያው ዘመን፣ በ355 እ.ኤ.አ.፣ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ክርስትናን የካደው ዩልያኖስ በአቴና ተማሪ ነበር። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዓይነት መጻሕፍት የተማሩ ወጣቶች ወደ ተለያየ ፍጻሜ ሄዱ። ልዩነቱን ያመጣው የትምህርቱ ዓይነት ሳይሆን የተማሩትን ለማን እንደሚያውሉት የወሰኑት ውሳኔ ነው።

ባስልዮስ ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ ዕውቀቱ አኩርቶት ነበር። ወንድሙ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ በጻፈው የእኅታቸው የቅድስት መክሪና ገድል ውስጥ ይህን አይሸሽግም። በንግግር ችሎታው የተመካውን ባስልዮስን ገሥጻ ወደ ትሕትና የመለሰችው ታላቅ እኅቱ መክሪና ነበረች። በዚያው ቤተሰብ ኖቅራጥዮስ የሚባል ሌላ ወንድምም ነበረ። በሃያ ሁለት ዓመቱ በሕዝብ ፊት ባቀረበው ንግግር አድማጩን ሁሉ ካስደነቀ በኋላ ያንን ዝና ትቶ በኢሪስ ወንዝ አጠገብ በጫካ ተቀመጠ። ሥራው ምን ነበር ቢሉ፣ በአቅራቢያው የሚኖሩ ድኆችና ሕሙማን ሽማግሌዎችን በአደን እያበላ መጦር ነበር። አምስት ዓመት እንዲህ ካገለገለ በኋላ ለሽማግሌዎቹ ምግብ ሊያመጣ እንደ ወጣ በድንገት ሞተ። ትልቅ ተቋም አልመሠረተም፤ መጽሐፍም አልጻፈም። ደጃፉ ላይ ያገኛቸውን ጥቂት ሽማግሌዎች ግን አልተዋቸውም።

ባስልዮስ ከዚህ በኋላ የመነኮሳትን ኑሮ ለማየት ወደ ግብፅ፣ ወደ ፍልስጥኤም፣ ወደ ሶርያና ወደ መስጴጦምያ ተጓዘ። ሲመለስም በኢሪስ ወንዝ ዳር ተቀመጠ፤ ጎርጎርዮስም ለጥቂት ጊዜ መጥቶ አብሮት ኖረ። ከዚያ የወጣው የባስልዮስ የምንኩስና ሥርዓት አንድ ትልቅ ሐሳብ ይዟል። ለብቻ መኖር ለጸሎት የሚመች ቢመስልም፣ ብቻውን የሚኖር ሰው እግሩን የሚያጥብለት ወንድም ስለሌለው ትሕትናን በተግባር ሊማር አይችልም የሚል ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ከሰው መንደር ፈጽሞ የራቀ እንዳይሆን፣ ጸሎትና የእጅ ሥራ፣ ተግሣጽና ምጽዋት በአንድነት እንዲሄዱ አደረገ።

በ361 እ.ኤ.አ. የነገሠው የቀድሞው የአቴና ተማሪ ዩልያኖስ ክርስቲያን መምህራን የግሪክን መጻሕፍት እንዳያስተምሩ ከለከለ። ሆኖም በገላትያ ለነበረው የጣዖት ሊቀ ካህናት በላከው ደብዳቤ ያላሰበውን ምስክርነት ሰጠ፤ ክርስቲያኖች የራሳቸውን ድኆች ብቻ ሳይሆን የአረማውያኑንም ጭምር እንደሚመግቡ አምኖ፣ የእርሱ ወገኖች ይህን ባለማድረጋቸው እንዲያፍሩ አሳሰበ። ይህን የጻፈው ለቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ሳይሆን ባላጋራ በመሆኑ የምስክርነቱ ዋጋ ይበልጥ ከፍ ያለ ነው። ክርክር ያላሳመነውን ሰው የድኆች ማዕድ ዝም አሰኝቶታል።

ትልቁ ፈተና የመጣው ግን በ368 እ.ኤ.አ. ገደማ ቀጰዶቅያን ድርቅና ረኀብ በመታት ጊዜ ነበር። ቂሳርያ ከባሕር የራቀች ከተማ በመሆኗ እህል ከሌላ አገር በቀላሉ አይገባላትም፤ ከወደብ በእንስሳት ጭኖ ማምጣትም ዋጋው የማይቀመስ ነበር። እህል የነበራቸው ባለጸጎች ዋጋ እስኪንር ጎተራቸውን ዘጉ። ባስልዮስ በዚያን ጊዜ ገና ቄስ ነበር፤ መንግሥታዊ ሥልጣንም አልነበረውም። በአቴና የተማረው የንግግር ጥበብ ግን ነበረው። ያንን ጥበብ ጎተራ ለማስከፈት አዋለው። በዚህ ጉዳይ ላይ የሰጣቸው ስብከቶች እስከ ዛሬ አሉ፤ የተከማቸው ትርፍ ሀብት የድኆች ንብረት መሆኑን ያለ ማመንታት ይናገራሉ። የራሱንም ርስት ሸጦ ለችግረኞች አውሎታል።

መናገር ብቻ አልበቃውም። ጎርጎርዮስ እንደ ጻፈው ረኀብተኞቹን ወንድ፣ ሴት፣ ሕፃን፣ ሽማግሌ ሳይል በአንድ ቦታ ሰበሰበ፤ የተገኘውን ምግብ ሁሉ አስመጣ፤ ትላልቅ ብረት ድስቶች ተጥደው የጥራጥሬ ወጥ ተሠራ። እርሱም ሽርጡን ታጥቆ ከረዳቶቹ ጋር አብሮ አስተናገደ፤ የድኆችንም እግር አጠበ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የተነገረው የመጨረሻው ፍርድ መለኪያ በቂሳርያ አደባባይ በወጥ ጭልፋ ተፈጸመ። መክሪናም በበኩሏ በረኀቡ ወቅት በየመንገዱ የወደቁትን ልጃገረዶች አንሥታ በገዳሟ አሳደገቻቸው።

በ370 እ.ኤ.አ. ባስልዮስ የቂሳርያ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። በአስቸኳይ ጊዜ የተጀመረው አገልግሎት ቋሚ መኖሪያ እንዲያገኝ ከከተማዋ ወጣ ብሎ አንድ ትልቅ መንደር አሠራ። ለመንገደኞች ማረፊያ፣ ለሕሙማን ማከሚያ፣ ሐኪሞችና አስታማሚዎች፣ የዕቃ መጓጓዣ እንስሳት፣ የእጅ ሙያ የሚሠራባቸው ቤቶች ነበሩት። ከሁሉ በላይ ከኅብረተሰቡ የተጣሉት በሥጋ ደዌ የተያዙ ሰዎች በዚያ ተቀባይነት አገኙ። ሰዎች በመሥራቹ ስም ባስልያስ ብለው ጠሩት፤ ጎርጎርዮስም አዲስ ከተማ ብሎታል። ሥራው ያለ ነቀፌታ አልተሠራም። ወሬ አቀባዮች ለአገረ ገዥው በከሰሱት ጊዜ ባስልዮስ፣ እንግዳ ማሳረፍና ሕሙማንን ማስታመም ማንን እንደሚጎዳ በደብዳቤ ጠይቆ ተከላክሏል።

የሁለቱ ጓደኞች ፍቅርም ያለ ቁስል አልዘለቀም። በ372 እ.ኤ.አ. ባስልዮስ ጎርጎርዮስን ሳሲማ ለምትባል ትንሽ የመንገድ ከተማ ኤጲስ ቆጶስ አድርጎ ሾመው። ጎርጎርዮስ ይህን እንደ በደል ቆጥሮ ለረጅም ጊዜ አዘነ፤ ኀዘኑንም በጽሑፉ አልደበቀም። ይሁን እንጂ ባስልዮስ በ379 እ.ኤ.አ. ካረፈ በኋላ ስለ ድኆች አገልግሎቱ ዛሬ የሚታወቀውን አብዛኛውን ነገር ጽፎ ያቆየው ይኸው የተቀየመው ጓደኛው ነው። በአገልግሎት አብረው የደከሙ ሰዎች መቀያየማቸው አይቀርም፤ የሠሩት ሥራ ግን ከቅያሜያቸው በላይ ቆሞ ይገኛል።

ይህ ትውፊት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የቆሎ ተማሪው በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ደጅ ሲቆም ቁራሹን የሰጠው መንደር፣ ተማሪው በተራው ዲያቆን፣ ቄስ፣ መምህር ሆኖ እንዲያገለግለው ይጠብቃል። ሕዝቡ ያስተማረው ሰው የሕዝብ ዕዳ አለበት። ዘመናዊው ትምህርትም ይህን ዕዳ አልረሳውም፤ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወጥተው፣ አብዛኞቹም በመምህርነት፣ እንዲያገለግሉ ተደርጓል። ያ አገልግሎት በደንብ የተወሰነ ግዴታ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ተማሪዎች አገልግሎት ግን ከፈቃድ የሚመነጭ ነው። የሸዋው ሊቀ ጳጳስ ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ በዝዋይ ወጣቶችን በክረምት ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ብላቴ የተወሰዱ ተማሪዎች በዚያ በጸሎት ተሰባሰቡ፤ በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ተመሠረተ፤ በየዩኒቨርሲቲውም ግቢ ጉባኤያት ተስፋፉ።

ዛሬ በሰው አገር የሚማር የቤተ ክርስቲያን ልጅ ባስልያስን የሚያህል መንደር እንዲሠራ አይጠበቅበትም። የኖቅራጥዮስ አገልግሎት ግን ከደጁ ነው። በሐኪም ፊት ሕመማቸውን መግለጽ ያቃታቸው እናት አስተርጓሚ ይሻሉ። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ ሳይከፈት በጠረጴዛ ላይ የከረመባቸው አባት አንባቢ ይሻሉ። ትናንት የገባው ስደተኛ አውቶቡስ የሚያሳየው፣ ቅጽ የሚሞላለት ጓደኛ ይፈልጋል። የሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት የሒሳብ ትምህርታቸውን የሚያስጠናቸው ታላቅ ወንድምና እኅት ያስፈልጋቸዋል። በሰፈሩ ያለው የምግብ ማደያም ቅዳሜ ጠዋት ሁለት እጅ ቢጨመርለት ዘርና ሃይማኖት አይጠይቅም፤ ዩልያኖስን ያሳፈረውም ክርስቲያኖች ይህን አለመጠየቃቸው ነበር።

የአቴናዎቹ ተማሪዎች ሁለት መንገድ ያውቁ ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ እንዴት እንደሚጸለይ፣ ወደ መምህራን የሚወስደውም እንዴት እንደሚነገር አስተማራቸው። ረኀብ በመጣ ቀን ግን ሁለቱ መንገዶች ተገናኝተው ወደ ድኃው ደጅ የሚያደርስ አንድ መንገድ ሆኑ። ደብሩ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት በመዝሙርና በጉባኤ የተሰበሰቡ ወጣቶች ያንን መንገድ ይዘው እንዲጓዙ የቅዱሳኑ በረከት ይርዳቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።